አበላችንን ጅማ ላይ በላነው

የመስክ አበል አይበላም፤ ይቆጠባል። በየመስሪያ ቤቱ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታ ሽሮ እየተበላ ይከረምና የተረፈችው ብር አዲስ አበባ ስትደርስ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ትሆናለች። ወይ የቤት ኪራይ ጭማሪ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነው የኖርኩት።

ጥቅምት ላይ ለሥልጠና ጅማ ሂዱ ስንባል ግን ሒሳብ ሹማችን ጉድ አመጣ። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ታክሲ ላይ የሃምሳ ሳንቲም መልስ የሚጠይቅ ልጅ ነው። «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ውድ ቤት ገብተን እንብላበት» አለ። ከሱ አፍ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ሾፌራችን ጋሼ ሳቁ። «እናንተ ክፈሉ እንጂ ቤቱን እኔ አሳያችኋለሁ» አሉ። በዚያው ተስማማን። እሳቸው ይመራሉ፣ የሳቸውን ሒሳብ እኛ እንችላለን።

ጋሼ የሊሙ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል። በየትኛው ከተማ የቱ ቤት እንደሚበላ፣ የቱ ቤት ደግሞ ሆድ እንደሚያስይዝ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የመስክ ሾፌር ያለ እንደሆነ ጉግል ምን ያደርጋል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፦ እስከ ወልቂጤ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ዓለም ገናንና ሰበታን በጨለማ አለፍናቸው። ቱሉ ቦሎ ላይ ነጋ። ወሊሶ ስንደርስ ሒሳብ ሹሙ «ሻይ አንጠጣም?» አለ። ጋሼ አልሰሙም። ወይም ያልሰሙ መሰሉ። ትንሽ ቆይተው «ከወልቂጤ በፊት ሆዱን የሚሞላ ሰው ወልቂጤን አያውቃትም» አሉ።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም ቤቱ ሞልቷል። ጋሼ መኪናውን አቁመው መንገዱን ተሻገሩ። ማዶ ያለው የሙስሊም ቤት ነው፤ ጥብሳቸውን እዚያ ያዛሉ። እኛ ወዲህ ቀረን። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የመስክ ሰው ማብራሪያ ሳይጠይቅ ይለምደዋል። ከሁለት ቤት ተበልቶ አንድ መኪና ውስጥ ይገባል።

ክትፎው በጣባ መጣ። ለብ ለብ ነው ያዘዝነው። ቅቤው በጣባው ዳር ዳር ያብለጨልጫል፤ ሚጥሚጣው ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። አጠገቡ አይብ፣ ጎመን፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ። ያስተናገደችን ሴትዮ ቆጮውን በጣቷ ጫን አድርጋ አየችና «ይኼ ደርቋል፤ ቆዩ» ብላ መልሳ ወሰደችው። ማንም አላጉረመረመባትም እኮ! ለስላሳውን ይዛ ተመለሰች።

ለአንድ ሰው 700 ብር። ሒሳብ ሹሙ ስልኩን አወጣ። እጮኛውን ቦሌ አንድ ቤት ወስዶ ለአንድ ክትፎ 1,600 ብር ከፍሏል፣ ያውም ቫት ሳይጨመር። ማታ ቤቱ ገብቶ ፍርፍር በላ። «እዚያ የከፈልኩት ለወንበሩ ነው። እዚህ የከፈልነው ለሥጋው ነው» አለ። ይቺን አባባል ጉዞውን ሙሉ እየደጋገመ አሰለቸን።

ጊቤና ከዚያ ወዲህ

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ጃኬት እየተወለቀ፣ መስኮት እየተከፈተ ነው የሚወረደው። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን የኋላ ጎማ አስተነፈሰ። ጋሼ ሳይናደዱ ወረዱ። መለዋወጫው ጎማ ደግሞ ንፋሱ ጎድሏል። ቀስ እያልን አንዲት መንደር ደረስንና ጎሚስታ ፈለግን። ጎሚስታው ምሳ ሄዷል። ልጁ ሊጠራው ሄደ፤ ልጁም ቀረ።

እዚያ አንዲት እናት በቆሎ ይጠብሳሉ። አንዱ 20 ብር። ሦስታችንም ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጋጥን። ሒሳብ ሹሙ ይኼ ከውድ ምግብ ዕቅዱ ውስጥ እንደማይቆጠር ለማስረዳት ሞከረ። ጎሚስታው ሲመጣ 400 ብር ተቀብሎ ገላገለን። ከዚያ ሳጃ፣ ሶኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። ጅማ የገባነው ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከአዲስ አበባ ሞቅ ትላለች። አረንጓዴው ዓይን ያሳርፋል። የግቢው አጥር ሁሉ ላይ አቮካዶ ተንጠልጥሏል። እኛ ሰፈር አንዷን አቮካዶ ጨብጦ፣ አሽትቶ፣ ተከራክሮ ነው የሚገዛት። እዚህ መንገድ ላይ ወድቃ ባጃጅ ይሄድባታል።

ማክሰኞ ማታ፦ ትልቁ እራት

ሆቴሉን ስሙን አልጠራውም። በከተማው ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ምግብ አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ከኋላቸው ወርቃማ ሪባን ታስሮላቸው ሙሽራ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ናፕኪኑ ታጥፎ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል። አስተናጋጁ ነጭ ጓንት አድርጓል። ሒሳብ ሹሙ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ሜኑው ከባድ ነው። በቆዳ ተለብዷል። ስድስት ገጽ ሙሉ ምግብ አለው።

«ቢፍ ስትሮጋኖፍ» አለ ሒሳብ ሹሙ፣ ተለማምዶ የመጣ ይመስል።

«ዛሬ የለም።»

«ቺክን ኮርደን ብሉ?»

«እሱም የለም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ነበር። የሆቴሉ ሥጋ የክርስቲያን መሆኑን ቀድመው ጠይቀዋል፤ ስለዚህ የአሳው ገጽ ላይ ቆሙ። «ፊሽ ፊሌ የሚለው አሳ ነው አይደል? እሱን።»

«አሳ አልመጣም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን አለ?» አልኩ እኔ።

«ሁሉም አለ። ምን ልታዘዝ?»

ልጁ ጥፋት የለበትም። የለም በል ቢባል ነው የሚለው። በመጨረሻ ከኋላ ተነስተን መጣን፤ ያለውን እሱ ይንገረን፣ እኛ እንምረጥ። እኔ ፔፐር ስቴክ፣ ሒሳብ ሹሙ ሮስት ቺክን፣ ጋሼ ፓስታ በአትክልት። ለመሃል አንድ ሰላጣ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ዳቦ በቅቤ መጣ፤ ቅቤው በረዶ ሆኖ ዳቦውን ይቀደዋል። ዳቦው አለቀ። ሌላ መጣ፤ እሱም አለቀ። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ አዳራሹ ድቅድቅ አለ። ከጥግ የሆነ ሰው «ሒሳብ ሳይመጣ እንውጣ» ሲል ሁሉም ሳቀ። እንግዳውን ሁሉ ያቀራረበችው ያቺ ጨለማ ናት። ከዚያ በፊት ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነበር።

መብራቱ ሲመጣ ምግቡም አብሮ መጣ። ስለ ስቴኩ እውነቱን ልናገር። ሥጋው ደርቋል፤ ቢላዋው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሶሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ቁንዶ በርበሬው በደንብ ተወቅጧል፤ ከክሬሙ ጋር ተስማምቶ መጨረሻው ላይ ጉሮሮ ይቆነጥጣል። ይኼን የሠራ ሰው ምግብ ያውቃል አልኩ። ሥጋውን ትቼ ሶሱን በዳቦ ጠረግኩት። የሒሳብ ሹሙ ዶሮ ደህና ነበር። በሹካና በቢላዋ ሲታገል አንዱ ቁራጭ ከሳህኑ ዘሎ ነጩ ጨርቅ ላይ አረፈ። አስተናጋጁ በነጩ ጓንቱ አንስቶ «ይቅርታ» አለ፣ እሱ የጣለው ይመስል። በዚች በዚች ውድ ቤት ደስ ይለኛል።

እኔና ሒሳብ ሹሙ ማኪያቶ አዘዝን። አንዱ 130 ብር። የጅማ ቡና በጅማ ምድር ላይ እንዲህ አሮ ሲቀርብ ማየት ያሳዝናል። ጋሼ ገና ሽታው ሲደርሳቸው ተነስተው ወጡ። ግቢው በር ላይ ጀበና ጥዳ የምትቀመጥ ልጅ አለች። 25 ብር። ከመስኮት ሲያዩን ሲኒያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ስቴክ 1,250፣ ዶሮ 1,180፣ ፓስታ 620፣ ሰላጣ 480፣ ሁለት ትልልቅ ውሃ 180፣ ማኪያቶ 260። ድምር 3,970። አሥር በመቶ ሰርቪስ፣ በላዩ 15 በመቶ ቫት። 5,022 ብር ከ5 ሳንቲም። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ዋዜማ ነው። ሒሳብ ሹሙ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ ደመረው። ልክ ነው። ጋሼ ኪሳቸውን እየዳበሱ «አምስቷን ሳንቲም እኔ እችላለሁ» አሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፦ ማርማላታ በማር አገር

ቁርስ ከአልጋው ጋር ነው። ረቡዕ ስለሆነ እኔና ሒሳብ ሹሙ ፍርፍርና ዳቦ ያዝን። ዳቦው አጠገብ ሳህን ሙሉ ማርማላታ ተደርድሯል። አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ዕቃ፣ ላይዋ በብር ወረቀት የታሸገ፣ ባሕር ተሻግራ የመጣች። የእንጆሪ ነው ይላል። ቀምሼዋለሁ፤ ስኳር ነው።

«ማር የላችሁም?» አልኩት አስተናጋጁን።

«ማር ሜኑ ላይ የለም።»

ይኼ አናደደኝ። ጅማ ነው ያለነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሲመለስ በጀሪካን የሚጭነው ምን ሆነና? እንጆሪው ስንት ድንበር አቋርጦ ሲገባ ማሩ ከገበያው እዚህ ድረስ መምጣት አቃተው። ቁጭ ብዬ ተነጫነጭኩ። ጮክ ብዬም ሳይሆን አይቀርም፤ ነገ ፍሬ ያፈራልና።

ሥልጠናው ግማሽ ግማሽ ቀን ነበር። ስለሱ የምጽፈው የለኝም።

ምሳ እዚያው ሆቴል በላን። ሒሳብ ሹሙ «ውድ በያይነቱ በልተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሜኑው ላይ «ናሽናል ፋስቲንግ» ይለዋል፤ ለአንድ ሰው 680 ብር፣ ቫትና ሰርቪስ ሳይገባ። እኛ ሰፈር በዚህ ብር ለጎረቤት ሁሉ ይበቃል። ለሦስት ሰው ብለን በአንድ ትሪ አዘዝን። ለመተቸት ተዘጋጅቼ ነበር። አልተሳካልኝም። ሽሮው ፈሰስ ያለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ የሚሸት። አዚፋው ሰናፍጩ አፍንጫ ይከፍታል። ጎመኑ ዘይት አልበዛበትም። መሃሉ ላይ አቮካዶው በሎሚና በቃሪያ ተደርጎ ተከምሯል፤ ሲያልቅ ሳንጠይቅ ጨመሩልን። ማክሰኞ ዕለት የሌለ ሁሉ የሌለው ከሩቅ ስለሚመጣ ነው። እዚህ ትሪ ላይ ያለው ግን እዚሁ የበቀለ ነው፤ አንድም የጎደለ አልነበረም።

ደግሞም ከጋሼ ጋር ከአንድ ትሪ የበላነው ያኔ ነው። ለሒሳብ ሹሙ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ሰጡት። ልጁ አፉ ሞልቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቃሪያ ነበረበት።

ከሰዓት ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ባለ ፎቅ ሆኖ እንጨት ሥራው ያስደንቃል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙ፣ ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ገብረው አገራቸውን ያስተዳደሩ ንጉሥ ናቸው። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል። ሒሳብ ሹሙ አስጎብኚውን «ንጉሡ ምን ይበሉ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። አስጎብኚው ሳቀና ወደ በሮቹ ከፍታ መለሰን። ሰገነቱ ላይ ቆሞ ወደ ከተማው ማየት ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣል።

ማታ እራት አላሰኘንም። መርካቶ ወርደን አቮካዶ ጁስ ጠጣን። ጠጣን ማለት ይከብዳል፤ በማንኪያ ነው። 80 ብር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፦ ከሼፉ ጋር

ጠዋት ቁርስ ላይ እንደተቀመጥን ነጭ ልብስ የለበሰ ልጅ መጣ። «ማር የጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ?» አለ። ሼፉ ነው። የሶሱ ባለቤት። መጀመሪያ ሶሱን አመሰገንኩለት፤ ፊቱ ፈታ አለ። ስለ ሥጋው ዝም አልኩ። እሱ ግን «ሥጋው ጠንክሮባችሁ ነበር አይደል?» አለ ራሱ። እንግዳ ቸኩሏል ሲባሉ ሳያሳርፉት ነው የሚሠሩት።

ስለ ማሩ የነገረኝ ግን ያልጠበቅኩት ነው። አቅርበው ያውቃሉ። ገበታው ላይ ሲያስቀምጡት ሰው ዳቦ ላይ አይቀባውም፤ በሻይ ሲኒ እየቀዳ ይወስደዋል። አንዱ እንግዳ በውሃ ፕላስቲክ ሞልቶ ሲወጣ ተይዟል። ኪሎው ውድ ነው። የሆቴሉ ኃላፊዎች ደግሞ «ስታንዳርድ» ይላሉ፤ የትኛውም አገር ሆቴል ላይ ያለችው ያቺ የታሸገች ማርማላታ ናት ስታንዳርዱ። ከንዴቴ ትንሽ ቀነስኩ። ከእኛ አገር ሰው ጋር ማር አስቀምጦ መሄድ በእርግጥ ይከብዳል።

ጋሼ በዚህ መሃል «አሳስ?» አሉ።

ልጁ ዞር ዞር አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሜኑ ላይ ያለው አሳ ፊሌ ነው፤ ከዝዋይ በበረዶ ነው የሚመጣው፤ ሲቀር ይቀራል። ዛሬ ግን ከግልገል ጊቤ ትኩስ አሳ የሚያመጣ ደንበኛ አለው። ግልገል ጊቤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኃይል ማመንጨት የጀመረው ባለ 184 ሜጋ ዋቱ ግድብ ነው፤ በመጣንበት መንገድ በኩል። ውሃው ከተጠራቀመ ወዲህ አሳ ይወጣበታል። ቆሮሶ ነው፤ ግን አጥንት አለው። «አጥንት ያለው አሳ ለእንግዳ አይቀርብም ተብለናል» አለ።

«እኛ እንግዳ አይደለንም፤ ማታ ሦስት አድርግልን» አሉ ጋሼ። የሁላችንም ምግብ ነው፣ ሥጋው የማን ነው የማይባልበት።

ሐሙስ ቀን፦ ሕርማታና የጋሼ እህት ቤት

ሐሙስ የሕርማታ ገበያ ነው። ጅማ ሳትሰፋ በፊት የነበረ ገበያ ነው፤ ነጋዴው በቅሎ ጭኖ ከየአገሩ ይመጣበት የነበረ። ኮረሪማው በክር ተሰክቶ እንደ ጨሌ ይሸጣል። ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ በረድፍ ተቀምጧል። ሴቶቹ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ፀጉራቸው ላይ ይሞክሩታል። ማር ሻጩ ሒሳብ ሹሙን በእንጨት አቀመሰው፤ ልጁ ሦስት ሻጭ ጋ ከቀመሰ በኋላ አልገዛም። እኔ አፈርኩ። ጋሼ «ተወው፣ ቁርሱን ነው» አሉ።

ምሳ የጋሼ እህት ቤት ተጠርተናል። «አካም ጅርቱ» እያሉ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ሥጋቸውን እንደማንበላ ያውቃሉ፤ ሥጋ የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ አልሸተተም። ጨጨብሳ ነው ያቀረቡት። ቅቤው ከሥር ተንጣሏል፤ ማሩ ለብቻው በጎድጓዳ ሳህን ከነሰፈፉ። እርጎ፣ ከጓሮ የተቆረጠ አቮካዶ፣ በትልቅ ማሰሮ ብርዝ። ብርዙ ከማርና ከውሃ ብቻ ነው፤ አያሰክርም፣ ግን አንዴ ከቀመሱት ማቆም ከባድ ነው።

ሒሳብ ሹሙ ስልኩን አወጣ። ገባኝ ምን ሊያደርግ እንደሆነ። የቅቤ ኪሎ ስንት ነበር፣ የማር ስንት፣ ለአምስት ሰው ሲካፈል፣ በሆቴሉ ዋጋ ሲባዛ። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉትና ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ሰው ቤት ሒሳብ አይሠራም» አሉ። እስክንወጣ አልመለሱለትም።

ቡናው ፊታችን ተቆላ። «በጨው ነው በስኳር?» አሉ እህታቸው። እኔ በጨው አልኩ፤ ጋሼ ደስ አላቸው። የመጀመሪያው ፉት ግራ ያጋባል። ቶናው ላይ ለመድኩት። በረካ ላይ ስኳር ለምን እንደተፈለገ ረሳሁ።

አሁን እዚህ ላይ ጸሐፊ ሁሉ የሚለውን እንድል ትጠብቁ ይሆናል፤ ከሆቴሉ ይልቅ የእህታቸው ገበታ በለጠ ብዬ። አልልም። ሰው ቤት ሲበላ ባለቤቷን እያዩ ነው የሚበላው፤ አንድ ነገር ጎደለ አይባልም። ውድ ቤት የሚገባው እኮ ለመተቸት ጭምር ነው። ሰርቪስ አሥር በመቶ የምከፍለው ቅር የማለት መብቴን ልገዛ ነው። ሁለቱም ያስፈልጉኛል።

ሐሙስ ማታ፦ ስድስቱ ክለብ ሳንድዊች

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አዳራሹ ገባን። ያው ነጭ ወንበር፣ ያው ሪባን። ሜኑ አላመጡልንም። በዚያ ቤት ያለ ሜኑ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያኮራ! አጠገባችን ሙሉ ልብስ የለበሱ አራት ሰዎች ስትሮጋኖፍ ሲያዙ ሰማን። እርስ በርስ ተያየን።

አሳዎቹ ሙሉ ሙሉ መጡ። ጎናቸው በስለት ተተልትሎ ጨውና ሚጥሚጣ ገብቶበታል፤ በዘይት ተጠብሰው ቆዳቸው ይንኮሻኮሻል። ጅራታቸው ከሳህኑ ወጥቷል። አጠገባቸው የተከፈለ ሎሚ፣ አዋዜ፣ ቃሪያ፣ ትኩስ እንጀራ። ሹካው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አስተናጋጁ መጥቶ ራሱ አነሳው። ከዚያ ነጭ ጓንቱን አውልቆ ማስታጠቢያ ይዞ ተመለሰና እጃችንን አስታጠበን። ጋሼ መረቁት።

ቆዳው ሲነሳ እንፋሎቱ ይወጣል። ሥጋው ነጭ ነው፣ በተተለተለበት በኩል ልጥ እያለ ይለቃል። ሎሚው ሲያርፍበት ይጣፍጣል ማለት አይበቃም። ወሬ ቆመ። አጥንቱ በሳህኑ ጥግ ሲከመር ብቻ ይሰማል። ሒሳብ ሹሙ ጭንቅላቱን ሊተወው ሲል ጋሼ ጉንጩን እንዴት እንደሚያወጡት አሳዩት። እዚያ ጋ ያለችው ትንሽ ሥጋ ከሁሉም ትበልጣለች። በዚህ ጉዞ ከበላሁት ሁሉ የማልረሳው ይኼ ነው፤ የወልቂጤን ክትፎ ጨምሮ። ርካሽ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ርካሽ አልነበረም። አንዱ 900 ብር ነው። ግን ልጁ የሚያውቀውን ሲሠራ ከማን ጋር እንዳለን ታወቀን።

ሙሉ ልብስ የለበሱት አስተናጋጁን ጠሩት። «እነሱ የሚበሉትን አምጣልን።»

«ሜኑ ላይ የለም።»

«እያየነው?»

«አልቋል» አለ ልጁ። ይኼኛው «የለም» ደስ አለኝ፤ ክፋቴ ነው።

ችግሩ ሒሳብ ላይ መጣ። ሙሉ አሳ የሚባል ነገር የካሽ ማሽኑ አያውቅም። ካሸሯ ሼፉን ጠራች፤ ሼፉ ሱፐርቫይዘሩን። ያለ ደረሰኝ መቀበል አይቻልም፤ ቫት ነው። ረጅም ምክክር ተደረገ። መፍትሔው ክለብ ሳንድዊች ሆነ። አንዱ 450 ስለሆነ ሁለት ክለብ ሳንድዊች አንድ አሳ ይሆናል። ማሽኑ ስድስት ክለብ ሳንድዊችና ሦስት ውሃ አተመ። 2,970፣ ሰርቪስ፣ ቫት፤ በድምሩ 3,757 ብር ከ5 ሳንቲም።

ጋሼ «አምስቷ የኔ ናት» አሉ።

ሒሳብ ሹሙ ግን ደረሰኙን ይዞ ቀረ። የሙያ ሕመም ነው። «ሕይወቴን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ስመረምር ኖሬ» እያለ ደረጃውን ወረደ። ዳቦ አልበላ፣ ቺፕስ አልበላ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፦ መመለስ

ሲነጋ ማር ገዝተን፣ ሰርቦ ላይ አቮካዶ በማዳበሪያ ጭነን ወጣን። ሒሳብ ሹሙ በመጨረሻ ማር ገዛ፤ የቀመሰባቸውን ሦስቱን ሻጮች ግን ማየት ስላፈረ ከአራተኛ ሰው ነው። የጀሪካኑ ክዳን አልገጠመም። ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ አሟሟውና የሥልጠናው ወረቀት ሁሉ ማር በማር ሆነ። ሪፖርቱን እኔ ነኝ የምጽፈው፤ ገጽ ከገጽ እየላቀቅኩ።

ወልቂጤ ዓርብ ስለነበረ ክትፎ ቤቱን በዓይናችን ተሳልመን በያይነቱ በላን። መንገድ ላይ ሒሳብ ሹሙ ሲደምር ሲቀንስ ቆየና ውጤቱን ተናገረ። ከእሱ አበል ቀርታ ያለችው የታክሲ ናት። የኔም ከዚያ አትርቅም።

«የእርሶስ፣ ጋሼ?» አለ።

«የኔማ እንዳለች ናት። እናንተ አይደላችሁ ያበላችሁኝ?»

ወሊሶ ላይ ግን ሳንጠይቃቸው አቆሙ። የጾም ማኪያቶ አዘዙልን። ሦስቱ 210 ብር መጣ። ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ቆጥረው ከፈሉ። ሒሳብ ሹሙ ከልማድ የተነሳ «ደረሰኝ ተቀበሉ እንጂ» አለ።

«ክለብ ሳንድዊች ብለህ ጻፈው» አሉና ቁልፉን አንስተው ወጡ።